ለድሬ ሙቀት የትኛው ካንዴላ? በግቢዬ የገጠምኩት ዴንሶ ኬ16አር-ዩ11

ቤተሰባችን የሚገለገልባት ቶዮታ ያሪስ ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ናት። ካለፈው ግንቦት ጀምሮ ጠዋት ስትነሣ በሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ትንቀጠቀጥ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ስንሄድም ነዳጅ በተጨመረላት ቁጥር ትደናቀፍ ነበር። የሞተር መብራቱ በርቶ የስህተት ኮዱ ሲነበብ ፒ0302 የሚል ወጣ፤ ይህም በሁለተኛው ሲሊንደር ውስጥ የገባው ነዳጅ በአግባቡ እየተቀጣጠለ እንዳልሆነ የሚያመለክት ነው። ነዳጁን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚልከው ኮይል ውድ ዕቃ በመሆኑ አዲስ ከመግዛቴ በፊት የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያየርኩ። ጥፋቱ የኮይሉ ቢሆን ኖሮ ኮዱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ወደ ሦስተኛው በተዛወረ ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ሁለተኛው ላይ ቀረ። ስለዚህ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ካንዴላው ሆነ። ፈትቼ ባየሁትም ጊዜ፣ ከስምንት ወር በፊት በርካሽ የገዛኋቸው አራት ካንዴላዎች በሙሉ አስመሳይ መሆናቸውን ተረዳሁ። የሸጠልኝን ሱቅ ስም አላነሣም፤ ሻጩ ራሱ ተታሎ ሊሆን ይችላል።

በምትካቸው የገዛሁት የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የሚጠቅሰውን ዴንሶ ኬ16አር-ዩ11 ነው። ዴንሶ በ1949 እ.ኤ.አ. ከቶዮታ ተለይቶ ራሱን ችሎ የቆመ የጃፓን ኩባንያ ሲሆን፣ የቶዮታ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ከሚገጠምላቸው ካንዴላ ብዙው የእሱ ሥራ ነው። በካንዴላው ላይ የተጻፉት ፊደላትና ቁጥሮች ለብዙ ገዢ እንቆቅልሽ ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ትርጉም አላቸው። «ኬ» የጥርሱን ስፋት 14 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱን ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር፣ ቁልፍ የሚይዘውን ስድስት ማዕዘን ደግሞ 16 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይገልጻል፤ «16» የሙቀት ደረጃው ነው፤ «አር» ሬዚስተር በውስጡ እንዳለ፣ «ዩ» ከላይ የሚታጠፈው ብረት በውስጥ ገጹ የ«ዩ» ቅርጽ ያለው ቦይ እንደተበጀለት፣ መጨረሻ ላይ ያለው «11» ደግሞ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያሳያል።

በግዢው ላይ ክርክር ያስነሣው ይህ «16» የተባለው ቁጥር ነው። መጀመሪያ የጠየቅሁት ሻጭ ቁጥሩን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀና «አቦ፣ ድሬ እኮ እሳት ናት! ይሄ የደጋ ሰው ካንዴላ ነው፤ 20 ቁጥሩን ውሰድ» አለኝ። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ከብዙ ሹፌሮችም አፍ ሰምቼዋለሁ። በዴንሶ አቆጣጠር ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ካንዴላው ሙቀትን ቶሎ ወደ ቴስታታው (ካንዴላው ወደሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚያስተላልፍ፣ ማለትም «ቀዝቃዛ» የሚባል መሆኑም እውነት ነው። ስህተቱ ያለው ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ በሚታሰበው ላይ ነው። በሲሊንደር ውስጥ የሚቃጠለው ጋዝ ከ2,000 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ ይደርሳል፤ የካንዴላው ጫፍም በላዩ የሚያርፈውን ጥቀርሻ ራሱ እያቃጠለ እንዲጸዳ ቢያንስ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ድረስ መሞቅ አለበት፤ ከ900 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ ግን ብልጭታ ሳይጠብቅ ነዳጁን ያቀጣጥላልና ሞተሩን ይጎዳል። በዚህ ስሌት ውስጥ የድሬዳዋ 38 ዲግሪ ከአዲስ አበባ 22 ዲግሪ ጋር ያለው ልዩነት ከቁብ የሚቆጠር አይደለም። እንዲያውም በገበያ አካባቢ በባጃጅ መሀል እየቆመች እየተነሣች የምትውል መኪና ቀዝቃዛ ካንዴላ ቢገጠምላት ጫፉ ወደሚጸዳበት ሙቀት ሳይደርስ ጥቀርሻ ይሞላል። ከፍ ያለው ቁጥር የሚያስፈልገው ሞተሩ ራሱ ተቀይሮ ወይም ከባድ ጭነት ለረጅም ሰዓት እየጎተተ ከመደበኛው በላይ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ 16 ቁጥሩን ያዝኩ።

መመሪያው የሚጠቅሰው ዓይነት ከጠፋ ሌላው ካንዴላ አምራች ከሆነው ከኤን ጂ ኬ ምርቶች ቢኬአር5ኢዋይኤ-11 የሚባለው ይተካዋል፤ የኤን ጂ ኬ 5 ቁጥር ከዴንሶ 16 ጋር፣ 6 ቁጥሩ ደግሞ ከዴንሶ 20 ጋር ይመጣጠናል። የጀርመኑ አምራች የቦሽ ቁጥር ግን በተቃራኒው የሚሄድ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው የሚቀዘቅዝ በመሆኑ አንዱን በሌላው መለኪያ መግዛት ያሳስታል።

የመሀል ብረታቸው ጫፍ ኢሪዲየም ከተባለ ብረት የተሠራውንም አይቻለሁ። ለአንዱ የተጠየቅሁት ገንዘብ ሦስት ተራ ካንዴላ ይገዛ ነበር። የመሀሉ ብረት እጅግ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ዕድሜው ረጅም መሆኑ አያጠራጥርም፤ ተራው የኒኬል ካንዴላ በ20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ ሲኖርበት፣ ረጅም ዕድሜ ተብለው የሚሠሩት የኢሪዲየም ዓይነቶች እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ይታሰብላቸዋል። ይሁንና ዋጋው ከፍ ያለ ዕቃ አስመሳይንም የሚስብ ነው፤ ውሸት ሆኖ ቢገኝ የምከስረውም ሦስት እጥፍ ነው። ካንዴላው ከላይ ቆሞ በቀላሉ የሚደረስበት እንደ ያሪስ ባለ ሞተር ላይ በየዓመቱ አንድ ጠዋት ከማጥፋት ሌላ የሚጠይቀኝ ስለሌለ ተራውን መረጥኩ። ካንዴላውን ለመድረስ ግማሽ ሞተር የሚፈታበት መኪና ያለው ሰው ቢወስን ግን ኢሪዲየሙ ያዋጣዋል።

ዕቃውን ያገኘሁት በመጋላ በኩል ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች በአንዱ ነው። ሻጩ አራቱንም ሳጥኖች ከፍቼ አንድ በአንድ እንዳገላብጥ ፈቀደልኝ፤ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ከኪሴ ሳወጣም አልተቆጣም፣ ይልቁንም እሱም ቀርቦ ያይ ጀመር። ለእኔ ይህ ከዋጋ ቅናሽ ይበልጣል። በመጀመሪያ የሚታየው ቦዩ ነው፤ በትክክለኛው ካንዴላ የታጠፈው ብረት የውስጥ ገጽ ላይ የተቆፈረው ቦይ ጥርት ያለና ቀጥ ያለ ሲሆን፣ እኔ ባወጣኋቸው አስመሳዮች ላይ «ዩ» የሚለው ጽሑፍ እንጂ ቦዩ ራሱ አልነበረም። ቀጥሎ ሬዚስተሩ ይለካል፤ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ኮይሉ በሚያርፍበት ራስ ላይ፣ ሌላውን በመሀለኛው ብረት ጫፍ ላይ ሲያኖሩት እውነተኛው በጥቂት ሺህ ኦም፣ አብዛኛውን ጊዜ በ5,000 አካባቢ ያነባል። አራቱ አዲሶች ከ4,000 በላይ ሲያነቡ፣ አሮጌዎቹ ዜሮ ነበሩ። ሬዚስተሩ የብልጭታው ሞገድ ሬዲዮንና የሞተሩን ኮምፒውተር እንዳይረብሽ የሚከላከል ነው፤ መኪናዋ በተነሣች ቁጥር ሬዲዮው ለምን ያፏጭ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሱቁ ላይ የማነሣው ቅሬታ ቢኖር የሰዓቱ ነገር ብቻ ነው፤ በቀትር ሄጄ በሩ ተዘግቶ አገኘሁትና ፀሐዩ እስኪበርድ ድረስ መመለስ ነበረብኝ። ድሬ ለኖረ ሰው ይህ ዜና አይደለም።

ሥራውን የጀመርኩት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ምክንያቱም የምቾት ብቻ አልነበረም። ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ካንዴላ ቢፈታ ጥርሱ ተቦርቡሮ ሊወጣ ይችላል፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ቀን ላይ በፀሐይ የቆመች መኪና ሞተሯ ጠፍቶም ለሰዓታት አትቀዘቅዝም። ኮፈኑን ከፍቼ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ፤ የፕላስቲክ ሽፋኑን አንሥቼ እያንዳንዱን ኮይል የያዘውን ባለ 10 ቡሎን በየተራ ፈትቼ ኮይሎቹን እንደ ቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። የኮይሉ ሶኬት ላይ ያለችው መያዣ በሙቀት ብዛት ደርቃ ስለምትሰበር በካቻቢቴ ከመፈልቀቅ በጣት ተጭኖ ቀስ ብሎ ማውጣት ይሻላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ይመጣል። ካንዴላዎቹ የተቀመጡት በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ የድሬ አሸዋና አቧራም በዚያ ጉድጓድ ዙሪያ ይከማቻል። ካንዴላው ሲፈታ ያ አሸዋ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። እኔ ከአንድ ቀን በፊት ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ኮይሎቹን አንሥተን ጉድጓዶቹን በኮምፕረሰር አየር አስነፋሁ፤ የወጣውን አቧራ ያየ ሰው ይህን እርምጃ ዳግም አይዘልም። በሦስተኛው ጉድጓድ ግርጌ ጥቂት ዘይትም ነበር፤ ይህ የካንዴላው ጥፋት ሳይሆን ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጎማ ማርጀቱን የሚናገር ነው፤ ለሌላ ቀን ቀጠርኩት።

የወጡት ካንዴላዎች የሞተሩን ጤና ይናገራሉ። የሦስቱ ጫፍ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነበር፤ ይህ ጥሩ ቀለም ነው። የሁለተኛው ግን ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ክፍተቱም ተበልቶ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ሰፍቶ ነበር። እንዲህ ያለ ክፍተት ብልጭታው እንዲዘል ከኮይሉ ተጨማሪ ቮልቴጅ ይጠይቃልና ቢቆይ ኖሮ ኮይሉንም ያስከትል ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ይህን አይተው «ልጄ፣ ምን አዲስ ያስገዛሃል? በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ ጠረግ አድርገህ መልሰው» አሉኝ። እሳቸው የሠለጠኑት በፔጆ 404 ዘመን ነው፤ ካርቡራተር ባላቸውና ካንዴላ ቶሎ ቶሎ በሚያጠቁሩ መኪኖች ላይ ይህ ልማድ ቦታ ነበረው። የብርጭቆ ወረቀቱ ቅንጣት ግን የመሀሉን ብረት የከበበው ሸክላ ውስጥ ተሰንቅሮ ይቀራል፤ የተበላውንም ብረት ተመልሶ አይሞላውም።

አዲሶቹን ለማስገባት ከቁልፍ ይልቅ አንድ ክንድ የሚሆን የነዳጅ ጎማ ቱቦ ተጠቀምኩ። የካንዴላውን ራስ በቱቦው አፍ ሰክቶ ወደ ጉድጓዱ በማውረድ በጣት ሲያዞሩት፣ ጥርሱ ጠማማ ከገባ ቱቦው ራሱ ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም። በቁልፍ የጀመረ ሰው ግን ጥርሱ መበላቱን የሚያውቀው ከረፈደ በኋላ ነው፤ መፍትሔውም ቴስታታውን አስፈትቶ ቶርኖ ቤት መውሰድ ሊሆን ይችላል። በጣት እስኪቆም ድረስ ከገባ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ማጥበቅ ለአዲስ ካንዴላ ይበቃል፤ ይህም የብረት ቀለበቱን ጨፍልቆ እንዲቀመጥ የሚያደርግ ነው። ቀለበቱ አስቀድሞ የተጨፈለቀበት አሮጌ ካንዴላ ሲመለስ የዙሩ አንድ አሥራ ሁለተኛ እንኳ ይበቃዋል። ግራሶ መቀባት ልማድ ቢሆንም አልቀባሁም፤ ጥርሱ የተለበጠ ስለሆነ አያስፈልገውም፣ ቅባቱም እጅ ሳይታወቀው ከልክ በላይ እንዲያጠብቅ ያደርጋል።

ከካንዴላዎቹ ጋር አብሬ የገዛሁትን ባለ 16 ቡሾላ (የካንዴላ መፍቻ) ግን ለማንም አልመክርም። ካንዴላውን እንዲይዝ በውስጡ የተደረገው ጎማ በሁለተኛው ካንዴላ ላይ ከቡሾላው ተላቆ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ፤ በረጅም ፒንሳ ለማውጣት የፈጀብኝ ጊዜ አራቱን ካንዴላ ከመቀየር ይበልጥ ነበር። ማግኔት ያለውን ዓይነት መግዛት ይሻላል።

ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች፤ ሚኒሞዋም ተረጋጋ። በሦስተኛው ቀን ቤተሰቤን ጭኜ ወደ ሐረር ወጣሁ። የደንገጎ ዳገት ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚያደርስ በመሆኑ ከማንኛውም የጋራዥ ፍተሻ የተሻለ ዳኛ ነው። በፊት በሁለተኛ ማርሽ እየተደናቀፈች ትወጣበት በነበረው ጥምዝ ላይ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጠችም። ጉልበት ጨመረች ግን አልልም፤ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ይህን ደግሞ የትኛውም ካንዴላ አይመልሰውም። ካንዴላው የመለሰው ሥራ ያቆመውን ሁለተኛውን ሲሊንደር ብቻ ነው። ነዳጅ ቆጠበ የሚለውንም ከራሴ ልምድ ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ቀድሞ በሦስት ሲሊንደር ስሄድ የነበረው ፍጆታ ለማወዳደሪያ የሚሆን አልነበረም።

4,000 ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ የሁለተኛውን ካንዴላ እንደገና አውጥቼ አየሁት። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ፣ ክፍተቱም ያው 1.1 ሚሊ ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግንቦት ተመልሶ መጥቷል፤ 16 ቁጥሩም በድሬ ፀሐይ እየሠራ ነው።