አጠር ላለች ሴት የትኛው ሞተር ይሻላል? የመሀል አዲስ አበባን ዳገት ያገናዘበ ግምገማ

አጠር ያለች ሴት ሞተር ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስኩተሩ ወይም ወደ 100 ሲሲዋ ትንሽ ሞተር ይወስዳታል። «ይቺ ለሴት ቀላል ናት፤ እግርሽም መሬት ይነካል» ይላታል። መንካቱስ ይነካል። ነገር ግን የሱቁ ወለል ሜዳ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጣ፣ ወይም ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ሜዳ የለም። አጭር አሽከርካሪ ሞተር የሚወድቅባት እየሄደች ሳለ ሳይሆን ስትቆም ነው። ስለዚህ እዚህ ያሉትን ሞተሮች የመዘንናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዳገት ላይ ቆመሽ፣ ቀኝ እግርሽ የኋላ ፍሬን ላይ እያለ፣ በግራ እግርሽ ብቻ ሞተሩን አጽንተሽ መያዝና ሳይጠፋብሽ መነሳት ትችያለሽ ወይ?

ሁለቱም እግሮች ከነተረከዛቸው መሬት መርገጥ አለባቸው የሚባለው ትክክል አይደለም። የግራ እግርሽ የፊት ግማሽ በደንብ ከረገጠ ይበቃል። መንገዱም ያግዝሻል። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው፤ አስፋልት ደግሞ ውሃው እንዲፈስ ከመሀል ወደ ዳር ዘቅዘቅ ተደርጎ ስለሚሠራ በግራሽ ያለው መሬት ከቀኙ ትንሽ ከፍ ይላል። ቀኝ እግራቸውን አውርደው መቆም የለመዱ ሰዎች ይህን ጥቅም ያጡታል፤ የእግር ፍሬኑንም ይለቁታል።

ከቤት ሳትወጪ የእግርሽን የውስጥ ርዝመት ለኪ። በባዶ እግርሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፤ እግሮችሽን 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቂ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችሽ መካከል አስገብተሽ ኮርቻ ላይ የተቀመጥሽ ያህል እስኪሰማሽ ወደ ላይ ግፊው። ከመጽሐፉ አናት እስከ ወለሉ ያለውን ሌላ ሰው ይለካልሽ። 1.55 ሜትር የምትሆን ሴት ብዙውን ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። የጫማሽ ሶል 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይጨምርልሻል፤ ስለዚህ ሱቅ ስትሄጂ የምትነጂበትን ጫማ አድርገሽ ሂጂ።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የኮርቻ ቁመት ሁለት ነገር ይደብቃል። አንደኛ፣ የሚለካው ሰው ሳይቀመጥበት ነው። ፋብሪካው ሞላውን የሚመርጠው ከ70 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው፣ አንዳንዴም ከኋላ ሌላ ሰው እንደሚጫን አስቦ ነው። ወፍራሙ ሰው ሲቀመጥ ኮርቻው ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይወርድለታል፤ 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ግን ከዚያ ያነሰ ነው የሚወርደው። አጭርም ቀላልም የሆነች ሴት ሁለት ጊዜ ተጎዳች ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ስለ ስፋቱ ምንም አይልም። ሰፊ ኮርቻ ጭንን ስለሚያራርቅ እግር ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከሰልባትዮው (ከነዳጅ ታንከሩ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጠን ያለ ባለ 790 ሚሊ ሜትር ኮርቻ፣ ሰፊ ከሆነ ባለ 765 የተሻለ እግር ሊያወርድ ይችላል።

አሁን ወደ ሞተሮቹ። ያማሃ ዋይ ቢ አር 125 የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። የኮርቻው ቁመት 780 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከነነዳጁ 125 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከፊት ቀጠን ይላል፣ መሪውም ወደ አሽከርካሪዋ ቀረብ ያለ ነው። 70 ሳንቲ ሜትር እግር ያላት ሴት በዚህ ላይ በአንድ እግሯ ያለ ጭንቀት ትቆማለች፤ ሞተሩ ወደ ጎን ሲያጋድልም ለመመለስ አያቅትም።

ባጃጅ ፑልሳር 150 እና ቲቪኤስ አፓቺ አርቲአር 160 በወረቀት ላይ ከዚያ ብዙም አይርቁም፤ የመጀመሪያው 785፣ ሁለተኛው 790 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የሚሰማው ሲገፉ ነው። አፓቺው ወደ 140፣ ፑልሳሩ ወደ 145 ኪሎ ይጠጋል፤ ሰልባትዮአቸውም ሰፋ ያለ ስለሆነ ጉልበትን ይከፍታል። የኢንጂናቸው ጉልበት ለዳገት ግሩም ነው። 160 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆነች፣ ሁለት ሦስት ወር ለነዳች ሴት እንመክራቸዋለን፤ ለመጀመሪያ ሞተርነት ግን አንመክራቸውም። ባጃጅ ቦክሰር ከእነዚህ ቀለል ይላል፣ መለዋወጫውም በየሰፈሩ አለ፤ ኮርቻው ግን ረጅምና ጠፍጣፋ ስለሆነ ወደፊት ተጠግተሽ ሰልባትዮው ሥር ካልተቀመጥሽ እግርሽ ይንጠለጠላል።

ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 ብዙ ሴቶች በሥራ ምክንያት የሚሰጣቸው ሞተር ነው። ክብደቱ 118 ኪሎ ብቻ ነው፤ ጉድጓድና ኮብልስቶን ላይ ከሁሉም ይበልጣል። ኮርቻው ግን 840 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ቀጭን ቢሆንም፣ 1.55 ሜትር ለሆነች ሴት ሳይስተካከል የሚቻል አይደለም፤ ዳሌዋን ወደ ግራ አሸሽታ በጣቷ ጫፍ ብትደርስ ነው። ሞተር እንዴት ዝቅ እንደሚደረግ ወረድ ብለን እናያለን። ሱዙኪ ጂኤን 125 በተቃራኒው ዝቅ ያለ ነው፣ 735 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ያገለገለ ሆኖ ኢንጂኑ ጤነኛ ከሆነ፣ ለጀማሪ ከዚህ የሚመች ቅርጽ አናውቅም።

100 ሲሲዎቹን የማንመክርበት ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማንኛውም የነዳጅ ኢንጂን ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ክፍል) ያለው ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከመጣ ነዳጁ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ዳገት ላይ ያንቃል፣ ሻማውም ይጠቁራል። ፍሪሲዮን (ክላች) ስትለቂ የሚጠፋ ኢንጂን ለረጅም ሰው ንዴት ነው፤ ለአጭር ሰው ግን መውደቂያ ነው፤ ምክንያቱም ሲጠፋ ሞተሩ ድንገት ይገታና ወደ ጎን ያጋድላል። 125 ሲሲ ዝቅተኛው ልክ ይሁንልሽ። ካርቡራተሩ ላይ አነስ ያለ የነዳጅ ጄት (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ቁራጭ) ማስገባትም ውድ ሥራ አይደለም።

ስኩተር ጥቅምም ጉዳትም አለው። ትልቁ ጥቅሙ ሁለቱም ፍሬን እጅ ላይ መሆኑ ነው፤ ዳገት ላይ ሁለቱንም እግሮች አውርደሽ መቆም ትችያለሽ፣ ፍሪሲዮንም የለም። ጉዳቱ ጎማው ነው። 10 ወይም 12 ኢንች ጎማ ኮብልስቶን መካከል ያለ ክፍተትና ክዳኑ የጠፋ የውሃ ጉድጓድ ላይ ይሰምጣል። ክረምት ላይ ጉድጓዱን ውሃ ሸፍኖት ሳይታይሽ ልትገቢበት ትችያለሽ። እግር ማሳረፊያውም ሰፊ ስለሆነ ስትቆሚ እግርሽን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ማርሽ ቀንሶ መያዝ ስለማይቻል ፍሬኑ ይግላል። ባለ 12 ኢንቹን ምረጪ፤ የፊት ፍሬኑም ዲስክ ይሁን።

የኤሌክትሪክ ሞተሮች ለዚህ ጉዳይ የተሠሩ ይመስላሉ። ከፍታ ጉልበታቸውን አይነካውም፤ ከቆመበት ሲነሱ አይጠፉም፤ ፍሬናቸውም ብዙ ጊዜ ሁለቱም በእጅ ነው። ስትመርጪ ሁለት ነገር እይ። ባትሪው በኮርቻው ሥር ሲቀመጥ ጎኑን ያሰፋዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን እግርሽን እመኚ። ሌላው፣ ባትሪው ወጥቶ ቤት የሚሞላ ከሆነ ሱቁ ውስጥ አውጥተሽ አንሺው። አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው በየማታው 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ተሸክሞ መውጣት ቀላል አይደለም። ሊድ አሲድ ከሆነ ከሊቲየሙ በጣም ይከብዳል።

የወደድሽው ሞተር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቢረዝምብሽ አትተዪው። የማስተካከያው ቅደም ተከተል ግን ይታወቅ፤ ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል።

መጀመሪያ የኋላ ሾክ አብዞርበሩን ሞላ አላዪው። ሁለት ሾክ ባላቸው ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት ደረጃ ያለው ቀለበት አለ፤ ወደ መጨረሻው ልል ደረጃ አምጪው። ብር አያስወጣም፤ ስትቀመጪ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ይሰጥሻል። ከኋላ ሰው ስትጭኚ ግን መልሰሽ ማጥበቅ አለብሽ፤ አለበለዚያ ጎማው ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ይመታል።

ቀጥሎ ኮርቻው ነው፤ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም እሱ ነው። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ባለሙያ ጋ ውሰጂው። ሽፋኑ ሲነሳ ከስፖንጁ አናት ላይ ብቻ መቁረጥ ይቀናቸዋል፤ ይህን አትፍቀጂ። ሞተሩ ላይ ተቀምጠሽ ጭንሽ የሚያርፍበትን ቦታ በማርከር አስምሪ። ከአናቱ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ከሁለቱ ጎኖች ጠርዝ ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በስሱ ይነሳ፤ ከፊት ያለው ሲሶ ብቻ። እግርሽን መሬት የሚያደርሰው ከአናቱ ይልቅ የጎኑ መቅጠን ነው። ከፕላስቲኩ በላይ ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ይቅር፤ ከዚያ ካነሰ ግማሽ ሰዓት ሳትነጂ ቂጥሽ ይደነዝዛል። ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ወፈር ያለ ላስቲክ በስፖንጁ ላይ እንዲለበስ ጠይቂ። አዲስ የተሰፋ ስፌት በክረምት ውሃ ያስገባል፤ ስፖንጁ ውሃውን ይጠጣና ፀሐይ ወጥቶ እንኳ ስትቀመጪበት ልብስሽን ያረጥበዋል።

የፊቱን ሹካ (የፊት ጎማውን የያዙትን ሁለት ቱቦዎች) በማሰሪያው ውስጥ ወደ ላይ ማሳለፍ ሦስተኛው ነው። የፊት ጎማው ከመሬት ተነስቶ፣ የሹካውን ማሰሪያ ቡሎኖች አላልቶ፣ ሁለቱንም ቱቦ እኩል 10 ሚሊ ሜትር ማሳለፍ። ከ15 አይለፍ። ካሊፐር ከሌለ በማስመሪያ ይለካ፤ አንዱ ከሌላው 2 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ እንኳ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ኤክስ ቲ ዜድን በመሰሉ ፓራፋንጎአቸው ከፍ ብሎ በተሰቀለ ሞተሮች ላይ፣ ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጫን ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ሁለት ሰው ተጭኖ ይፈተሽ። የኋላው ሳይወርድ የፊቱን ብቻ ማውረድ መሪውን ያቀለዋል፤ ቁልቁለት ላይ ይንቀጠቀጣል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው የጎን መቆሚያውን ነው። ሞተሩ 2 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ መቆሚያው ረዘመ ማለት ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ቀኝ ዘቅዘቅ ባለ መንገድ ዳር ነፋስ ሲነካው በቀኙ ይወድቃል። 1 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ ይታይ፤ ካልበቃ ይደገም። ብየዳው ሲያልቅ እግሩ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ብረት ቢሰፋ መልካም ነው፤ ለስላሳ አፈር ላይ አይሰምጥም። ዝቅ ለማድረግ ብሎ ትንሽ ጎማ ማስገባትን ግን በጭራሽ አንደግፍም፤ የፍጥነት መቁጠሪያውንም የሞተሩን ሚዛንም ያዛባል።

እጅም እንደ እግር ይለካ። ትንሽ እጅ ያላት ሴት የፍሪሲዮኑን ማንሻ በሁለት ጣት መሳብ ካልቻለች ዳገት ላይ ትደክማለች። ማንሻው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ልቅነት ይኑረው፤ ልቅነቱ ሲጨምር ፍሪሲዮኑ የሚይዘው ወደ መጨበጫው ቀረብ ሲል ነው፣ ለአጭር ጣት ይመቻል። ከልክ ካለፈ ግን ማርሽ ሲገባ ይንቋቋል። ለፑልሳርና ለአፓቺ የሚስተካከል ማንሻ ለብቻው ይሸጣል። የራስ ቁር ስትገዢ ደግሞ ሹሩባሽን እንደተሠራሽ ለኪ፤ ነጠላሽንም ካቴናው እንዳይበላው ከጃኬትሽ ሥር አስገቢ።

ሱቅ ውስጥ የምትፈትሺው አንድ ነገር አለ፦ ከሞተሩ በግራ በኩል ቆመሽ፣ ዳሌሽን ኮርቻው ላይ አስደግፈሽ፣ 5 ሜትር ወደ ኋላ ሳቢው። ይህን ካልቻልሽ ሌላ ቀለል ያለ ይምጣልሽ። ስታቆሚም አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አታድርጊ፤ 140 ኪሎ ወደ ዳገት ወደ ኋላ የሚስብ ጉልበት ብዙ ወንድ እንኳ የለውም።

ከመክፈልሽ በፊት የከተማውን ትራንስፖርት ቢሮ የፈቃድ ሁኔታ ጠይቂ። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የሞተር እንቅስቃሴን ገድባለች፤ ለየትኛው ዓይነትና ለየትኛው ሥራ ሰሌዳና ፈቃድ እንደሚሰጥ ሻጩ ሳይሆን ቢሮው ይንገርሽ። ያገለገለ የምትገዢ ከሆነ የጎን መቆሚያውን ጎንበስ ብለሽ እይው። የብየዳ ጠባሳ ካለው ሞተሩ ከዚህ በፊት ዝቅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ ሾኩና ሹካው ምን እንደተደረገ ጠይቂ፣ ሹካው ከማሰሪያው በላይ የወጣውንም በሁለቱም በኩል ለኪ።