የትምህርት ቤት ደህንነት ስልጠና በድሬዳዋ፦ ዋጋ ያለው ሁለተኛው ቀን ነው

በድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለመምህራን የሚሰጠው የሦስት ቀን ስልጠና የመጀመሪያ ቀኑ አሰልቺ ነው። የጥቃት ትርጉምና ዓይነት ከፕሮጀክተር ላይ ይነበባል፤ ይህን በጽሑፍ አድለው ቀኑን ለልምምድ ቢያውሉት ይሻል ነበር።

ሁለተኛው ቀን ሌላ ነው። ሰልጣኞች የግቢያቸውን ካርታ ስለው አስጊውን ቦታ በቀይ ያቀልማሉ። ካርታውን በትምህርት ቤት መሳል ያለባቸው ግን ተማሪዎች ናቸው፤ ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ፣ ሰዓቱም ተጽፎበት። የሽንት ቤቱ ጀርባ ረፋድ ላይ ሰላም ሆኖ የከሰዓት ፈረቃ ሲለቀቅ ያስፈራል፤ ባጃጅ የሚደረደርበት በርም እንደዚያው። መምህር ብቻውን ከሳለው የሚወጣው መምህር የሚያየው ግቢ ነው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፦ ለሴቶች ሽንት ቤት ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ፣ በመውጫ ሰዓት በር ላይ የሚቆሙ ተረኛ መምህራን።

ከሁሉ የበለጠው ጥቃት የደረሰባት ልጅ ስትናገር ምን ይደረግ የሚለው ልምምድ ነው። «መናገርሽ ጥሩ ነው፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ይባላል። «ለማንም አልናገርም» ተብሎ ቃል አይገባም፤ «ለምን ሄድሽ?» አይጠየቅም። ያለችው በራሷ አነጋገር ይጻፋል፤ በየቢሮው እየዞረች እንድትደግመው አይደረግም። መደፈር ከሆነ ሰዓቱ ይሮጣል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን መጀመር አለበት። ልብሷ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃውን ያበላሻል። የወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) ስብሰባ እስኪጠራ መጠበቅ ማለት እነዚህን ሰዓታት ማቃጠል ነው። በሽማግሌ መጨረስንም አሰልጣኞቹ ሳይሸፋፍኑ ነቀፉት፦ ልጅቷን ከአጥቂዋ ጋር አስቀምጦ ማስታረቅ እንደገና መጉዳት ነው። በእኛ አካባቢ ይህን ደፍሮ መናገር ቀላል አይደለም፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ስለ አስተያየት ሳጥን የሰጡት ምክርም ልክ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፊት የተሰቀለ ሳጥን ባዶውን ይከርማል፤ ማን እንደጻፈ ይታያላ። ቤተ መጻሕፍት ይሰቀል፣ በሁለት ቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፎቹን ሁለት ሰዎች ይያዙ፣ በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት። ከሚከፍቱት መካከል ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚያነብ ሰው ካልኖረ ግን የስንቱ ልጅ ወረቀት ሳይነበብ ይቀራል። ይህን ስልጠናው አላነሳውም።

ሦስተኛው ቀን ላይ የአለንጋ ጉዳይ ይነሳል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን እንደሚደነግግ ተነገረ፤ መምህራኑ «ታዲያ ስልሳ ተማሪ በምን ይያዝ?» ሲሉ ግን የተሰጠው ምሳሌ ሃያ አምስት ተማሪ ላለበት ክፍል ነበር። ተማሪዎች ራሳቸው ያወጡት አምስት ስድስት ደንብ፣ ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ ቅጣት (የቆሸሸውን ማጽዳት፣ የሰበሩትን መጠገን) በትልቅ ክፍልም ይሠራል፤ ግን ተለማምደው ማየት ነበረባቸው።

ጎርፍ ጨርሶ አልተነሳም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በገደለባት ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። የበልጉ ዝናብ ደግሞ ልጆች ክፍል እያሉ ነው የሚመጣው፤ ማን ደወል ይደውላል፣ በየት በኩል ይወጣል፣ ወላጅ የት ይረከባል የሚለው ግማሽ ቀን ይገባዋል።

መምህር ለመላክ የምታስቡ ርዕሳነ መምህራን፣ ከአበሉ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ይካተታሉ ወይ? ከወር በኋላ አሰልጣኙ ግቢያችሁ መጥቶ ካርታውን ያያል ወይ? ከምክትሉ ይልቅም ተማሪዎች በራሳቸው ፈቃድ የሚያማክሯትን መምህርት ላኩ።