የፀሐይ ማጣሪያ ሉህ ግምገማ፦ አስትሮሶላር ምን ያሳያል፣ ምን አያሳይም?

ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ፀሐይን ለማየት ከሚገዛቸው ዕቃዎች መካከል ዋጋው ቀላል፣ የምስሉ ጥራት ግን ከፍ ያለው የጀርመኑ ባደር ፕላኔታሪየም የሚያወጣው አስትሮሶላር የተባለው የማጣሪያ ሉህ ነው። ሲያዩት ግን አያስተማምንም። የብስኩት መጠቅለያ የመሰለ፣ ሁለት ፊቱ ብርማ፣ የተጨማደደ ስስ ፕላስቲክ ነው። «ዓይኔን የሚጠብቀው ይሄ ነው?» ማለት ያለ ነው። መልሱ አዎ ነው፤ ችግሩ ሉሁ ያለ ክፈፍ መምጣቱና ክፈፉን የሚሠራው ገዢው ራሱ መሆኑ ነው። አደጋ የሚመጣውም በአብዛኛው ከክፈፉ ነው።

ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ይመልከቱ። ሉሁ በሁለት ዓይነት ይሸጣል። 5.0 የተባለው ከ100,000 የብርሃን እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል፤ ለዓይን የተሠራው እሱ ነው። 3.8 የተባለው 16 እጥፍ ገደማ የበለጠ ብርሃን ያስገባል፤ እሱ ለካሜራ ብቻ ነው። በመልክ ስለሚመሳሰሉ ትራፊ ቁራጭ ሲያስቀምጡ ቁጥሩን ፖስታው ላይ ይጻፉ። ቁጥሩ የማይታወቅ ቁራጭ ከሰው ከተሰጠዎት ይጣሉት እንጂ አይሞክሩት።

የካርቶን የግርዶሽ መነጽር ያላቸው ሰዎች «እሱን አድርጌ በቴሌስኮፑ ባይስ?» ሲሉ ይሰማል። በፍጹም! መነጽሮቹ የሚመዘኑበት አይኤስኦ 12312-2 የተባለው ደረጃ ፀሐይን በቀጥታ በባዶ ዓይን ለሚያይ ሰው የወጣ ነው። ቴሌስኮፕ በፊት ሌንሱ የሰበሰበውን ብርሃንና ሙቀት ጠባብ ቦታ ላይ ያውላል፤ መነጽሩን በቅጽበት ይበሳዋል፣ ከኋላው ያለውን ሬቲናም (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ገጽ) ያቃጥለዋል። ሬቲና ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ተጎጂው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ከድሮ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር ይመጡ የነበሩት፣ በዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዱ ጥቁር መስታወቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሙቀቱ ይሰነጥቃቸዋል። ማጣሪያ መግባት ያለበት ከፊት ሌንሱ በፊት፣ ብርሃኑ ገና ሳይሰበሰብ ነው።

ወደ ክፈፉ እንምጣ። የፊት ሌንሱ 80 ሚሊ ሜትር፣ የቱቦው አፍ የውጪ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ከወፍራም ካርቶን ውስጣቸው 85፣ ውጪያቸው 130 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ቀለበቶች ይቁረጡ። ቀጥሎ ቱቦው ላይ አንድ ዙር ወረቀት ጠቅልለው፣ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የካርቶን ጥብጣብ በሙጫ እያጣበቁ ሦስት አራት ዙር ይጠምጥሙ። ሲደርቅ ከሥር ያለውን ወረቀት ይሳቡት፤ እሱ የተወው ክፍተት ክፈፉ ሳይጠብቅም ሳይላላም እንዲገባ ያደርገዋል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ሶፍት አንጥፈው ሉሁን ይዘርጉ፤ ባለሁለት ገጽ ፕላስተር የተለጠፈበትን ቀለበት ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርገው ይጫኑበት። ሁለተኛውን ቀለበት በሌላው ፊት ያጣብቁ፣ የተረፈውን ሉህ ይቁረጡ፣ ቀለበቱንም ከጥብጣቡ ሲሊንደር ጋር ያያይዙ።

ብዙዎች የሚስቱት ቀለበቱን ሲያጣብቁ ነው። ጭምድዱ እንዲጠፋላቸው ሉሁን ወጥረው ይለጥፉታል። ጭምድዱ ምስሉን አይጎዳም፤ የሚጎዳው መወጠሩ ነው። የተወጠረ ሉህ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሳብ ብርሃኑን ያዛባል፣ የፀሐይ ነቁጦች (ገጿ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጥቦች) ጠርዝም ድርብ ሆኖ ይታያል። ፈታ ብሎ፣ ሲነፉበት የሚርገበገብ ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ነፋስን መርሳት ነው። ክፈፉን ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ከቱቦው ጋር በፕላስተር ይያዙት። ሦስተኛው ደግሞ ጎን ላይ ያለችው ትንሿ ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ ናት፦ ወይ ይንቀሏት፣ ወይ ይክደኗት። ያለ እሷ ፀሐይን ማግኘት ከባድ አይደለም። ቱቦውን እያንቀሳቀሱ መሬት ላይ ያለውን ጥላውን ይመልከቱ፤ ጥላው አጥሮ አጥሮ ክብ ሲሆን ፀሐይ ዓይን ሌንሱ ውስጥ ገብታለች።

ምስሉ ነጭ ነው። ጥቁር ፖሊመር ማጣሪያዎች ፀሐይን ብርቱካናማ ያደርጓታል፤ የሚያምር ይመስላል፣ ግን ቀለሙ የማጣሪያው ነው፣ ምስሉም ብዙውን ጊዜ ደብዘዝ ይላል። በአስትሮሶላር 50 እጥፍ ሲያጎሉ ሙሉዋ ክብ ትታያለች፤ ጠርዟ ከመሐሏ ጠቆር ያለ ነው፣ ጠርዙ አጠገብም ፋኩላ የተባሉት ደማቅ ጅማቶች ይወጣሉ። ነቁጦቹ ሁለት ክፍል አላቸው፦ ጥቁር እምብርትና በዙሪያው ግራጫ፣ ክር ክር የሚል ቀሚስ። ጥቁር የሚመስሉት ከአካባቢያቸው ስለሚቀዘቅዙ ነው፤ የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን የነቁጡ እምብርት ወደ 3,500 ይወርዳል። 100 እጥፍ ላይ አየሩ ከረጋ ገጿ እህል እህል ይላል። እያንዳንዷ «እህል» 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች የፈላ ጋዝ ናት። ይህን ለማየት ጠዋት፣ መሬቱ ሳይግል ይሻላል፤ ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አሻግሮ ማየት ሉሁን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። ዓይን ሌንሱ ላይ አረንጓዴ ማጣሪያ መጨመርም እህሎቹን ያጎላል፤ ይህ ግን ከፊት ካለው ሉህ ጋር እንጂ ለብቻው አይደለም።

ወረቀት ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ክብ ሥለው ነቁጦቹን በየቀኑ ቢያሰፍሩ (በዚያ ልክ ምድር 1.4 ሚሊ ሜትር ናት) አንድ ነቁጥ በ13 ቀን ገደማ ከዳር ዳር ሲሻገር ያያሉ። ነቁጦቹ ምንድን ናቸው የሚለው የ17ኛው መቶ ዘመን ክርክር የተፈታው በዚሁ ነው። ጀርመናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ክሪስቶፍ ሻይነር ፀሐይ እንከን የላትም ከሚለው ትምህርት ላለመውጣት ነቁጦቹን በዙሪያዋ የሚዞሩ ትንንሽ አካላት ናቸው አለ፤ ጋሊሊዮ ግን ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እንደሚጠቡ አይቶ ገጿ ላይ ያሉ መሆናቸውን አስረዳ። ቻይናዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ28 ዓመት የፀሐይን ነቁጥ መዝግበዋል፤ በአፈ ታሪካቸውም ፀሐይ ውስጥ ሦስት እግር ያለው ቁራ ይኖራል። ቁራው ጀንበር ስትጠልቅ በባዶ ዓይን ከታየ ትልቅ ነቁጥ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ። ግምት ነው፤ ትልቅ የነቁጥ ቡድን በሉሁ ያየ ሰው ግን አያጣጥለውም።

የግሪኮችን የፀሐይ አምላክ የሄሊዮስን የእሳት ሠረገላ የሚጠብቅ ገዢ ግን ይከፋዋል። ከጠርዝ የሚወጡት የጋዝ ነበልባሎች በዚህ ሉህ አይታዩም። ለእነሱ 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ጠባብ ቀለም ብቻ የሚያሳልፍ የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ዋጋውም ከሉሁ ብዙ እጥፍ ነው። ሻጭ ሉሁን ነበልባል ከሚታይበት ፎቶ ጋር ቢያስተዋውቀው አግባብ አይደለም።

ለግርዶሽም ይህ ሉህ የተመቸ ነው፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ እስክትሸፍናት ድረስ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027) የሚሆነው ሙሉ ግርዶሽ የአሙን ራ ቤተ መቅደስ በሚገኝባት በግብፅዋ ሉክሶር ከ6 ደቂቃ በላይ ይቆያል። የጥንት ግብፆች የፀሐይ አምላካቸውን የራን ጀልባ አፔፕ የተባለው እባብ እንደሚያጠቃት ይተርኩ ነበር። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ በሸፈነቻት ጊዜ ሉሁን ያላነሳ ሰው ጨለማ ብቻ ያያል፤ አክሊሏ (በዙሪያዋ ያለው ስስ ጋዝ) ከፀሐይ ገጽ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል የደበዘዘ ነውና። ስለዚህ ክፈፉን የሚያነሱት የመጨረሻዋ የብርሃን ጠብታ ከጠፋች በኋላ ነው። የሚመልሱት ግን ብርሃኑ ብቅ እስኪል ጠብቀው ሳይሆን ሰዓት ይዘው፣ ቀደም ብለው ነው። በከፊል ብቻ ግርዶሹ በሚታይበት አገር ያለ ሰው ለአንድ አፍታም ቢሆን አያንሳው።

ሉሁን ሁልጊዜ ከመጠቀምዎ በፊት ወደ ደማቅ አምፖል አቅንተው ይመርምሩት። አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ከታየች በጥቁር ማርከር ትደፈናለች። ጭረት፣ ቅዳጅ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ግን አይጠገንም፤ ሉሁን ይቀይሩት። አቧራ ካለው በአየር መንፊያ ያራግፉት እንጂ አይወልውሉት፤ ክፈፉን ምንም በማይጫነው ጠንካራ ሣጥን ውስጥ ያኑሩት።