ብዙ የመኪና ኮምፒውተሮችን በአንድ ጠባብ ሣጥን ማቀዝቀዝ፦ ከጎንደር ወደ ቆላ ለሚወርድ መኪና የትኛው ይመረጣል?

ከጎንደር ወደ መተማ ወይም በሊማሊሞ ቁልቁል የሚመላለሱ መኪኖች ላይ ከሞተሩ ኮምፒውተር ሌላ የጂፒኤስ መከታተያ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ የካሜራ መቅጃና የመሳሰሉት መሣሪያዎች እየተጨመሩ ነው። እነዚህን በክሩስኮቱ ሥርና በወንበር ኋላ በየቦታው ከማሰር በአንድ ሣጥን ሰብስቦ ማስቀመጥ የሽቦውን ዝርክርክነት ይቀንሳል፤ ለጥገናም ይመቻል። ችግሩ ግን ለየብቻቸው ሲሆኑ የማያስቸግረው ሙቀታቸው አንድ ላይ ሲታፈን መደመሩ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚውሉት መካከል ዋና ዋናዎቹ ሙቀት ማስወጫ ክንፍ ያለው ድፍን (አየር ማስገቢያ የሌለው) የአሉሚኒየም ሣጥን፣ በፋን የሚቀዘቅዝ ሣጥንና በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ሣጥን ናቸው። መኪናው ከጎንደር ከተማ የማይወጣ ከሆነ ከሦስቱ የትኛውም ይበቃዋል፤ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ በሚያዝያም ቢሆን ብዙ አያስጨንቅም። ልዩነታቸው የሚታየው መኪናው በዚያው ወር ከ40 ዲግሪ በላይ ወደሚሞቀው ቆላ ሲወርድ ስለሆነ፣ ገዢው ሣጥኑን የሚመዝነው በሚያድርበት ከተማ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድ ሊሆን ይገባል።

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት በሣጥኑ ውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት በዋት ማወቅ ያስፈልጋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እያንዳንዱ መሣሪያ በሥራ ላይ እያለ የሚስበውን አምፔር በመልቲሜትር ለክቶ በባትሪው ቮልት ቢያባዛው መነሻ የሚሆን ቁጥር ያገኛል፤ በ24 ቮልት የጭነት መኪና ላይ የሁሉም ድምር 2.5 አምፔር ቢሆን 60 ዋት ማለት ነው። በኮምፒውተሩ በኩል አልፎ ወደ መብራት ወይም ወደ ኢንጀክተር የሚሄደው ኃይል ግን እዚያው ሣጥን ውስጥ ስለማይቀር ከድምሩ ይቀነሳል።

ድፍኑ የአሉሚኒየም ሣጥን የሚንቀሳቀስ ዕቃ የለውም፤ ስለዚህ የሚሰበርም የለውም። አቅሙ የሚወሰነው በገጹ ስፋት ነው። ርዝመቱ 30፣ ወርዱ 20፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የውጭ ገጹ በድምሩ 0.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነፋስ በሌለበት ቦታ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 10 ዋት ያህል ያስወጣል ብለን ብናሰላ፣ 20 ዋት የሣጥኑን ግድግዳ ከአካባቢው አየር በ10 ዲግሪ፣ 60 ዋት ደግሞ በ30 ዲግሪ ያስበልጠዋል። ጎንደር ላይ አየሩ 28 ዲግሪ ሲሆን ግድግዳው 58 ዲግሪ ቢደርስ ምንም አይደለም፤ መተማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ውስጡ 60 ዲግሪ በደረሰ ጋቢና ግን ያው ሣጥን 90 ዲግሪ ይሆናል። ለመኪና ተብለው የሚሠሩ ቺፖች እንደየደረጃቸው እስከ 85፣ እስከ 105 ወይም እስከ 125 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት እንዲችሉ ተደርገው ስለሚመረቱ፣ ዝቅተኛው ደረጃ በዚህ ቦታ ከአቅሙ በላይ ይሆንበታል። ክንፎቹ ገጹን በእጥፍ ካሰፉት 30 ዲግሪው ወደ 15 ይወርዳል፤ ይህም የሚሆነው ክንፎቹ ወደ ላይ ቆመው የሞቀው አየር በመካከላቸው ሽቅብ ማለፍ ሲችል ብቻ ነው። በወንበር ሥር በጀርባው ተንጋሎ የታሰረ ሣጥን የክንፉን ጥቅም አያገኝም።

በዚህ ዓይነት ሣጥን ላይ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ሙቀቱ ከቺፑ እስከ ግድግዳው የሚሄድበትን መንገድ ነው። አየር ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከአሉሚኒየም በሺዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ስለሆነ፣ በቦርዱና በክዳኑ መካከል ክፍተት ካለ ውጭው የቱንም ያህል ክንፍ ቢኖረው ውስጡ እንደ ድስት ይታፈናል። ስለዚህ ሣጥኑ በሻጩ ፊት ተከፍቶ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው፣ ሙቀትን ከቺፑ ወደ ክዳኑ የሚያስተላልፈው ለስላሳ ግራጫ ፓድ ይታይ። የእያንዳንዱ ትልቅ ቺፕ አራት ማዕዘን በፓዱ ላይ ጥርት ብሎ ታትሞ ከተገኘ ግንኙነቱ ደህና ነው፤ አንድ ጠርዝ ብቻ ታትሞ ሌላው ልሙጥ ከሆነ ቦርዱ አዘንብሏል ወይም ፓዱ ቀጥኗል፤ ጭራሽ ምንም ካልታተመ ሣጥኑ ቆርቆሮ ብቻ ነው። የውጭውን ቀለምም ማየት ይገባል። ብዙ ሰው የሚያብረቀርቀውን ይመርጣል፤ ነገር ግን የተወለወለ አሉሚኒየም ሙቀትን በጨረር የማስወጣት ችሎታው እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን፣ አኖዳይዝ የተደረገው (ገጹ በኤሌክትሪክ የኦክሳይድ ሽፋን የተሰጠው) ወይም ቀለም የተቀባው ብዙ እጥፍ ይሻላል። ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ነጭ፣ ጥላ ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ደብዛዛ ቀለም ይሆናል።

ድፍን ሣጥን ለእኛ መንገድ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልገዋል። ጎንደር ላይ የተዘጋ ሣጥን በውስጡ የያዘው አየር ግፊቱ 78 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው መተማ የውጭው ግፊት ወደ 93 ይጠጋል። ልዩነቱ አቧራንና የክረምትን ውሃ በጓርኒሲዮኑና በሽቦው መግቢያ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል፤ የጋለው ሣጥን ድንገት ዝናብ ሲመታውማ ይብሳል። መፍትሔው አየር የሚያሳልፍ፣ ውሃ ግን የማያሳልፍ ትንሽ የመተንፈሻ ክዳን ያለው ሣጥን መግዛት ነው። አይፒ 67 የሚለው ምልክት አቧራ የማያስገባና አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚችል መሆኑን ይናገራል፤ በየሳምንቱ ዳገትና ቁልቁለት እየተመላለሰ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ ግን አይናገርም።

የፋን ሣጥን በተመሳሳይ መጠን የበለጠ ዋት ይችላል፤ በሠለጠነ መንገድ ከተሠራም ጥሩ ነው። ቢኤምደብሊው በብዙ የቀድሞ ሞዴሎቹ የሞተሩንና የካምቢዮውን ኮምፒውተሮች በሞተር ክፍሉ ባለ አንድ ዝግ ሣጥን ሰብስቦ፣ በትንሽ ፋን ከጋቢናው በኩል በሚመጣ አየር ያቀዘቅዛቸው ነበር። ቁም ነገሩ አየሩ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ከኮፈኑ ሥር ወይም ከወለሉ የሚስብ ፋን ወደ ሣጥኑ የሚያስገባው ትኩስ አየርና የበጋ አቧራ ነው፤ አቧራው በፊልትሮው ላይ ሲጋገር ፋኑ እየዞረ አየሩ ይቆማል። የከፍታውም ጉዳይ አለ፤ በጎንደር አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ 60 ዋትን በ10 ዲግሪ ጭማሪ ብቻ ለማስወጣት ባሕር ወለል ላይ በሰዓት 18 ሜትር ኩብ አየር የሚበቃው ሣጥን እዚህ 23 ያህል ይፈልጋል። በካታሎግ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመን አይገባም። ፋኑ የግድ ከሆነ ዙሩን የሚያስታውቅ ሦስተኛ ሽቦ ያለው ይመረጥ፤ ሲቆም ማስጠንቀቂያ ማብራት ይቻላልና።

በእኔ ግምት ከ40 ዋት በላይ ለሚሞቅ ስብስብ የሚሻለው የሁለቱ ቅይጥ ነው፤ ሣጥኑ ድፍን ሆኖ ፋኑ ከውጭ ክንፎቹ ላይ ይነፍሳል። አቧራው ቦርዱን አያገኘውም፤ ፋኑ ቢሞትም ሣጥኑ ክንፍ ያለው ተራ ሣጥን ሆኖ ይቀጥላል እንጂ መኪናው መንገድ ላይ አይቀርም። ፋኑም ብሎኖቹን ፈትቶ ለመቀየር ቀላል ነው።

በፈሳሽ የሚቀዘቅዘው ከሁሉ ብርቱ ነው፤ ለብዙዎቻችን ግን አይሆንም። ቴስላ በሞዴል 3 የመዝናኛውንና የራስ ነጂውን ቦርዶች በአንድ በፈሳሽ በሚቀዘቅዝ ሳህን ግራና ቀኝ አጣብቆ ይሠራል፤ ይህን የሚችለው መኪናው ቀድሞውኑ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚያዞር በመሆኑ ነው። በናፍጣ መኪና ላይ ቱቦውን ከራዲያተሩ መጥለፍ ከንቱ ነው፤ የሞተር ውሃ ራሱ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሠራ ሣጥኑን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። አንዳንድ የከሚንስ ሞተሮች ኮምፒውተራቸውን ናፍጣ በሚያልፍበት ሳህን ላይ ያስራሉ፤ ነገር ግን የፋብሪካ ሥራ ስለሆነ በጋራዥ መኮረጅ የእሳት አደጋ መጋበዝ ነው። የተለየ ራዲያተር፣ ፓምፕና ቱቦ ለመጨመር የቆረጠ ሰው ገንዘቡን ለተሻሉ ቺፖች ቢያውለው ይተርፈዋል።

በኤሌክትሪክ የሚያቀዘቅዙት የፔልቲዬ ሣጥኖች ብዙ ማብራሪያ አይሹም፤ ከሚያስወጡት ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ኃይል ከባትሪው ይጨርሳሉ፣ በክረምትም ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ይቋጥራሉ።

ሣጥኑ ከተገዛ በኋላ ኃይል የሚያከፋፍለውን ሞቃት ክፍል ከላይ፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ ዕቃ) የበዛበትን ከታች ማድረግ ይገባል፤ የኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ገደማ ያጥራልና። ከዚያም የሙቀት መለኪያ ሽቦ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ጎንደር አጠገብ ባለችው አዘዞና በመተማ መንገድ ቆላ ላይ ባለችው ገንዳ ውሃ በቀትር የግድግዳውንና የአካባቢውን ሙቀት ልዩነት መመዝገብ ነው። ቆላ ላይ አየሩ ስለሚወፍር ልዩነቱ በጥቂቱ መጥበብ አለበት፤ ከሰፋ ፀሐይ ሣጥኑ ላይ እያረፈ ነው፣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም ከመሣሪያዎቹ አንዱ ከቀድሞው የበለጠ አምፔር እየሳበ ነው።