ግራ እግሬን ጡረታ ላወጣችልኝ አሰልጣኝ

ይህ አውቶማቲክ መኪና መንዳት ላስተማረችኝ ልጅ የምስጋና ጽሁፍ ነው፤ ጥቆማም አለበት። ስሟን ግን አልጠራም። «ጋሼ፣ ስሜንና ስልኬን አደባባይ እንዳያወጡብኝ። ለመማር ከሚደውለው ለሌላ ነገር የሚደውለው ይበዛል» ብላኛለች። እውነቷን ነው። የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ጠይቄያት አገናኛለሁ።

መጀመሪያ ስለ እኔ። ሹፌር ነኝ። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ መሪ ይዣለሁ። የአሰብ መንገድ በ1990 በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ኤንትሬ በምንለው የድሮ ፊያት ከባድ መኪና ተመላልሼበታለሁ፤ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ እያልኩ። ኤንትሬን የነዳ ያውቀዋል፤ ማርሹ በጉልበት አይገባም፣ በጆሮ ነው። ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን ፔዳል፣ ሁለቴ ትረግጣለህ፣ የሞተሩን ድምፅ ታዳምጣለህ፣ ከዚያ እሺ ካለህ ይገባል። ኋላ ላይ የመሥሪያ ቤት አይሱዙ ነዳሁ። መጨረሻ ላይ የራሴ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችኝ። ሁሉም ባለ ፍሪሲዮን።

ከዚያ ግራ ጉልበቴ እምቢ አለ። ከመገናኛ ሲኤምሲ ለመድረስ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ የነዳ ይቁጠረው። ሐኪሙ አየኝና «ወይ ጉልበቱን ወይ መኪናውን ይቀይሩ» አለኝ። ልጆቼ ተማከሩና ዲኤክሷን ሸጠው ቪትዝ አመጡልኝ። አውቶማቲክ። ዲኤክሷ ከግቢ ስትወጣ የተሰማኝን ተዉት፤ ለሌላ ቀን ይሁን።

«አውቶማቲክ ደግሞ ምን ይማራል? ረግጦ መሄድ ነው» ያላለኝ ሰው የለም። እኔም ለሌላው ስል ኖሬያለሁ። እንዲያውም አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ሹፌር ነው ብዬ አላምንም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ባለቤቴን ይዤ ወጣሁ። አደባባዩ ጋ ስደርስ ማርሽ ልቀንስ ብዬ ግራ እግሬን አወረድኩ፤ እስከ ታች። እዚያ ፍሪሲዮን የለም። ያለው ሰፊው የፍሬን ፔዳል ነው። ቪትዟ ባለችበት ተተከለች። ባለቤቴን ቀበቶው ያዛት። ከኋላ የነበረው ሚኒባስ ፍሬን ይዞም አልዳነ፣ ፓራውልታችንን ሳም አደረጋት። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አወጣና «ፋዘር፣ ዛሬ ነው እንዴ የጀመሩት?» አለኝ። መሪ ከያዝኩ 40 ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም እኮ! ሕጉ ከኋላ የመጣውን ነው የሚጠይቀው። የማን ጥፋት እንደሆነ ግን ግራ እግሬ ያውቃል። ተጨባብጠን ተለያየን። ባለቤቴ ቤት እስክንገባ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስንገባ «አመል ያወጣል ከመሃል» ብላ ቡና ልትቆላ ገባች።

አንድ ማሰልጠኛ ሄጄ ጠየቅሁ። «መንጃ ፈቃድ አለዎት፣ ምን እናስተምርዎ?» ብለው መለሱኝ። ይህችን ልጅ ያገኘናት በጎረቤት በኩል ነው። ዕድሜዋ ከመጨረሻዋ ልጄ አይበልጥም። ደንግጬ ነበር፣ አልዋሽም። የአሰብን መንገድ ያየ ሰው እንዴት በዚህች ልጅ ይማራል ብዬ። እሷ ግን ስለ ፓራውልቱ ስነግራት አልሳቀችም። «ችሎታ ያለው ሰው ላይ ነው የሚብሰው ጋሼ» አለችኝ። ይህቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ስሰማ ልቤ አረፈ።

የተቀጣጠርነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ከአያት ወዲያ ጭር ያለ ሜዳ ላይ። መኪናዋ በእሷም በኩል ፍሬን አላት። የመጀመሪያውን ቀን ሞተር እንኳ አላስነሳንም ማለት ይቻላል። «የግራ ጫማዎን ያውልቁ» አለችኝ። አወለቅሁ። እግሬን አጥፌ ወደ ወንበሩ ስር እንድሰበስበው አደረገች። ባዶ እግር ወደ ፔዳሉ ሲሄድ ቶሎ ይታወቃል፤ ለዚያ ነው። ከዚያ የነገረችኝን እስካሁን አልረሳሁትም፦ ግራ እግር ፍሪሲዮን ሲረግጥ በአንዴ እስከ ታች ነው። ጥበቡ ሲለቅ ነው እንጂ ሲረግጥ አይደለም። ፍሬን ደግሞ ጥበቡ ሲረገጥ ነው። ቀኝ እግር ይህንን ያውቃል፣ ግራው አልተማረውም። ስለዚህ በግራ ፍሬን የያዘ የድሮ ሹፌር ሁሌም ሰው በፓራብሬዛ ሊያስወጣ ይደርሳል።

ይኼን ያህል ዘመን ነድቼ ስለ ራሴ እግር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀኝ እጄም ሌላ ጉድ ነበረበት። ፍጥነት በቀነስኩ ቁጥር ማርሹን ወደ ዜሮ ሊያወጣ ይሄዳል። ዲ ላይ ያለችውን መኪና ሳላስበው ኤን ላይ አገኛታለሁ። አንድ ጊዜማ ልጨምር ብዬ 2 ላይ አስገባሁና ሞተሩ ጮኸ። «ሁለቱም እጅ መሪ ላይ» ትላለች። ሥራ የፈታ እጅ ምን እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል። እኔ መሪውን መታ መታ ማድረግ ጀመርኩ፤ እሷም አልከለከለችኝም።

በነገራችን ላይ፣ የእኛ የመኪና ቋንቋ ጣልያንኛ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ። አውቶማቲኩ ደግሞ ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ይላል። ፒ ለመቆሚያ፣ አር ለኋላ ማርሽ፣ ኤን ዜሮ፣ ዲ ለመንዳት። ልጅቷ ሁለቱንም ቋንቋ ትናገራለች። «ኤን ማለት ያው ዜሮዎ ነው ጋሼ» ስትለኝ ነው የገባኝ።

ሁለተኛው ቀን የሃይላንድ ቀን ነበር። ባዶ ሃይላንድ መሬት ላይ አቆመች። ነዳጅ ሳልነካ፣ ፍሬን ብቻ እየለቀቅሁና እየያዝኩ፣ ጠጋ ብዬ ሳልጥለው እንድቆም። አውቶማቲክ ዲ ላይ ሆኖ ፍሬን ከተለቀቀ በራሱ ይሄዳል። ይህ ነው አዲስ ሰው የሚያስደነግጠው። ለምን ብዬ ጠየቅኋት። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጥ አለችኝ። አንዱን ሶኬት ላይ ሰካው። ነፋሱ ሌላውን ያዞረዋል። በሞተሩና ማርሾቹን በያዘው ካምቢዮ መካከል ያለው ነገር እንደዚያ ነው፤ በነፋስ ፋንታ ዘይት ነው የሚገፋው። ሞተር እስካለ ድረስ ትንሽ ግፊት አለ። ጭንቅንቅ ውስጥ ይህን ግፊት በፍሬን ብቻ እያመዛዘኑ መሄድ ነው እንጂ ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፣ ፍሬን አያስፈልግም። አራት ሃይላንድ ጨፍልቄያለሁ። አምስተኛው ቆሞ ቀረ።

ሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ማቆም ነበር፤ ቤቴ ዳገት ላይ ስለሆነ ለብቻው ይጠቅመኛል። እኔ እስከዚያ ድረስ ፒ ላይ አስገብቼ፣ ፍሬን ለቅቄ እወርድ ነበር። ጠዋት ከፒ ሳወጣው «ጓ» ይላል። ለካ ካምቢዮው ውስጥ ጥርስ ላይ የምትሰካ ትንሽ ብረት አለች። «የመኪናውን ክብደት በሙሉ በአንድ ጣት አያንጠልጥሉት» አለችኝ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በፍሬን ትቆማለህ፣ ኤን፣ የእጅ ፍሬን ትስባለህ፣ የእግሩን ፍሬን ቀስ ብለህ ትለቅና መኪናው በእጅ ፍሬኑ ላይ ይቀመጣል፣ እንደገና ረግጠህ ፒ። ከዚያ ወዲህ «ጓ» የለም። ጎማ ስር ድንጋይ ማድረጌን ግን አልተውኩም። እሷም «እሱን ይቀጥሉበት» ብላለች።

አራተኛው ቀን እንጦጦ ወጣን። ይህን ቀን በተለይ እወደዋለሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናዋ እየፈጠነች ሄደች፣ እኔም ፍሬን ላይ ሙጭጭ አልኩ። ከዚያ የድሮው ነገር መጣልኝ። የከባድ መኪና ሰው ሕግ አለው፦ የወጣህበትን ማርሽ ይዘህ ውረድ። ከባቲ ወደ ሚሌ ስንወርድ ፍሬን የሚቆጥበው ሞተሩ ነበር። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ማርሽ አትቀንስም ወይ?» አልኳት። ፊቷ በራ። «2 እና ኤል ለዚህ ነው የተቀመጡት። ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም» አለች። 2 ላይ ሳስገባው ሞተሩ ያዝ አደረገኝ፤ የማውቀው ስሜት። ከዚያ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ጠያቂዋ እሷ ሆነች። ኤንትሬ ጭኖ ቁልቁለት እንዴት እንደሚያዝ፣ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚሸት፣ ሁሉን አስለፈለፈችኝ። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በዜሮ የሚወርድ ሰው ላይም ተስማማን፤ በአውቶማቲክም በኤን አይወረድም።

አምስተኛው ቀን ከተማ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ ሲኖትራክ ልቀድም ነዳጁን ድፍን አድርጌ ረገጥኩ። ሞተሩ ሲጮህ ካምቢዮው የፈረሰ መሰለኝ። «ማርሽ ቀንሶልዎት ነው፣ ይግፉበት» አለችኝ። ለካ በደንብ ስትረግጠው ራሱ ይቀንሳል፣ እግርህን ትንሽ ስታነሳለት መልሶ ይጨምራል። ጆሮዬ ለካ እዚህም ይሠራል!

ስለ ዋጋ፦ ስንት እንደምታስከፍል ራሷ ትንገራችሁ። እኔ ለ6 ቀን ከፍዬ ነበር። አምስተኛው ቀን ሲያልቅ የአንዱን ቀን መለሰችልኝ። «የቀረዎት ነገር የለም፣ ለምን ልብላብዎ?» ብላ። እንቢ ብላትም አልሰማችኝም። ቅሬታ ካላችሁኝ፣ ሬዲዮ አታስከፍትም፤ 10 ደቂቃ ካረፈዳችሁም ከሰዓታችሁ ላይ ትቀንሳለች።

ከወር በፊት ቪትዟ ባትሪ ጨርሳ አድራ ነበር። የሰፈር ልጆች ደግነታቸው አይጠፋም፣ ሊገፉልኝ ተሰለፉ። ዲኤክስ ቢሆን ሁለት ማርሽ አስገብቼ ስትገፋ ትነሳለች። አውቶማቲክ ግን ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮው ዘይት ፓምፕም አይዞርም፤ ስትገፋ ውላ ብታድር አትነሳም። በገመድ መጎተትም ካምቢዮዋን ይጎዳል። ይህን ሁሉ ልጅቷ ነግራኝ ነበር። ልጆቹን አመስግኜ ከጎረቤት መኪና በኬብል አስነሳኋት።

ለእኔ ቢጤ ሹፌሮች ነው የምጠቁማት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የሚሻገሩ የድሮ ሹፌሮችም ይመጡላታል። እዚያም ፍሪሲዮን የለም፣ ግራ እግር ያው ግራ እግር ነው። ሴቶች ልጆቻችሁንም ላኩላት፤ ከእኔ ቀጥላ የገባችው ተማሪ እየሳቀች ስትወጣ አይቻለሁ።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉልበቴ ሰላም ይልሻል። ባለቤቴም አሁን ከፊት ወንበር መቀመጥ ጀምራለች።

የምትሄዱ ሰዎች ደግሞ ካልሲያችሁን አጥቡ። ጫማ ታስወልቃለች።