ባትሪያችንን ከመስመር ላገናኘልን ባለሙያ ምስጋና፣ ለሌሎችም ጥቆማ

በመብራት መስመሩ ጫፍ ላሉ ቤቶች የማታውን ጫና እንዲያቀል ባትሪ ለገጠመልን ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን። እጁ ይባረክ! እኛም በዚሁ ሙያ ውስጥ ስላለን ሥራውን ከጎኑ ቆመን አይተነዋል።

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የሊቲየም ዓይነት ነው። ባለ 3.2 ቮልት 16 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው 51.2 ቮልት ይሰጣሉ፤ በ280 አምፔር ሰዓት ሲሰላ ወደ 14.3 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። የባትሪውን ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ለቤት ወደሚሆን ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) የሚቀይረው ኢንቨርተር ባለ 5 ኪሎዋት ስለሆነ ሙሉ ጭነት ላይ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ብዙ ገጣሚ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በደንብ ያልጠበቀ አንድ ማያያዣ 1 ሚሊኦም ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ብቻ ቢጨምር፣ በ100 አምፔር 10 ዋት ሙቀት እዚያች ብሎን ሥር ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ማያያዣውን ይበልጥ ያላላዋል፣ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይግላል። እሱ ተርሚናሎቹን አጽድቶ፣ ብሎኖቹን አምራቹ በጻፈው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ አጠበቀ። ከዚያ ሙሉ ጭነት አስይዞ በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ሚሊቮልት ለካ፤ ከጓደኞቹ ከፍ ያለውን ፈትቶ እንደገና አሠረ። ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

ፊውዙን ከፖዘቲቭ ተርሚናሉ ሳይርቅ አስቀመጠው። ለኤሲ ብቻ የተሠራ ብሬከር እዚህ ቦታ የለውም፤ ዲሲ እንደ ኤሲ በየዑደቱ ዜሮን ስለማይነካ ብልጭታው በቀላሉ አይቆረጥም። ማብሪያውን ከማብራቱ በፊትም የኢንቨርተሩን ካፓሲተሮች በሬዚስተር በኩል ቀስ ብሎ ሞላቸው፤ ያለዚያ ቢኤምኤሱ (ባትሪውን የሚቆጣጠረውና የሚጠብቀው ሰርኪት) ሾርት መስሎት ይዘጋል።

ከመስመሩ ጋር ሲያያዝ ዋናው ነገር ሲቲው፣ ማለትም በዋናው ገመድ ላይ ታስሮ ጅረቱ ወዴት እንደሚሄድ ለኢንቨርተሩ የሚነግረው መለኪያ ነው። ቀስቱ ከተገለበጠ ቤቱ ከመስመሩ ሲስብ ኢንቨርተሩ እየላከ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ማታ ማገዝ ሲገባው ባትሪውን ይሞላና ጫናውን ያባብሰዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ኢንቨርተሩን በተጠባባቂ አቁሞ ውሃ ማሞቂያ ማብራት። ንባቡ "ከመስመር እየሳበ" ካላለ ሲቲው ይዞራል።

መብራት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ በ2 ሰከንድ ውስጥ ከመስመሩ መለየቱንም ዋናውን ብሬከር አውርዶ አሳየን። ይህ ካልሠራ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በእኛ ባትሪ ሊሞት ይችላል። የፍሪኩዌንሲና የቮልቴጅ ገደቦቹን ግን ያለ መብራት ድርጅቱ ፈቃድ አልነካም ብሎ እንቢ አለ፤ ልክ ነው።

በየቀኑ ከ20 እስከ 90 በመቶ እንዲሠራ አስተካክሎታል። ሆኖም የዚህ ባትሪ ሴሎች የሚመጣጠኑት ሊሞሉ ሲቃረቡ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሄድ አደረገ። ኢንቨርተሩ ባትሪው ምን ያህል እንደተሞላም ከቮልቴጁ ሳይሆን በካን (የመረጃ መለዋወጫ) ገመድ ከቢኤምኤሱ እንዲያነብ አገናኝቶታል፤ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ በመሃል እምብዛም ስለማይለወጥ በቮልት ብቻ የሚገምት ኢንቨርተር ይታለላል።

ነቀፌታ ካስፈለገ፦ ቀርፋፋ ነው፣ በየኬብሉ ላይ የለጠፈው የእጅ ጽሑፍም ለማንበብ ያስቸግራል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁን፣ ስልኩን እንሰጣለን። ስትደውሉለት የኢንቨርተሩን ሞዴል፣ የባትሪውን ቮልትና በአንድ ጊዜ የምታበሩትን ጭነት በዋት አዘጋጁ፤ እነዚህን ሳይሰማ ዋጋ አይናገርም።