ኤሌክትሪክ ክራር፦ ከውጭ ሙዚቀኞች ጋር መድረክ ለሚወጣ

መሰለ አስማማው ከስዊድናዊው ሳክስፎኒስት ማትስ ጉስታፍሰን ጋር፣ ተመስገን ዘለቀ ደግሞ ለንደን ላይ በክራር ኮሌክቲቭ፣ ክራር በትልቅ መድረክ ከማንም እኩል እንደሚቆም አሳይተዋል። ባለ 6 አውታሩ ኤሌክትሪክ ክራር ለዚህ ሥራ ይበቃል ወይ? ይበቃል፤ መቃኛው የጊታር ቁልፍ ከሆነ።

አውታሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ የሚጠመጠምበት ነባሩ አሠራር ውብ ነው፤ ግን በሁለት ዜማ መካከል ቅኝት ለመቀየር ፋታ አይሰጥም። በቁልፍ ሲሆን ከትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) ወደ ማይነር ለመሄድ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ማውረድ ብቻ ነው። ወደ ባቲ ሜጀር ግን ሦስት አውታር ይነካል፦ ሬ ወደ ሚ፣ ሚ ወደ ፋ፣ ላ ወደ ሲ ይወጣሉ። ስለዚህ የዜማዎቹን ቅደም ተከተል በቅኝት መመደብ ያዋጣል።

ፒክአፑን፣ ማለትም የአውታሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል፣ ሳያዩ አይግዙ። ማግኔታዊው የናይለን አውታርን አይሰማም፣ የብረት ብቻ ነው። ለናይለን በርኩማው (አውታሮቹ የሚያርፉበት ድጋፍ) ሥር የሚቀመጠው፣ ንዝረቱን በመነካካት የሚቀበለው ፒየዞ ይሻላል፤ ያለ ዲአይ ቦክስ (የፒክአፑን ድምፅ ከማጉያው ጋር የሚያስማማ ትንሽ ሣጥን) ግን ድምፁ ቀጭንና ሻካራ ይወጣል።

ትልቁ ችግር ቆዳው ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ቅኝቱም ይወርዳል፤ ማሞቂያ ባለበት አዳራሽ ደግሞ ይወጠራል። አዳራሹ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ይቃኙት። ስፒከር ፊት ለፊት ከቆሙ ቆዳው ተንቀጥቅጦ ያፏጫል፤ ወደ ጎን ዞር ማለት ይረዳል።

ለበረራ አውታሮቹን ማላላት፣ ጠንካራ ሣጥን መጠቀም። አውስትራሊያ ለሚሄድ ደግሞ ቆዳውን ጉምሩክ ላይ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።